የሚፈራው ሌላ፣ የሚጎዳው ሌላ፦ ስለ አፍንጫ አለርጂ ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ስለ አፍንጫ አለርጂ ነው፤ ስለ ተከታታይ ማስነጠስ፣ ስለ አፍንጫ መታፈን፣ ስለ ዓይን ማሳከክና እንደ ውሃ ስለሚወርደው ንፍጥ። ጽሑፉ ለዛ አለው፤ የተማሪን ኑሮ በቅርብ የሚያውቅ ሰው የጻፈው መሆኑም ያስታውቃል። ደረቅ ቢሆን ኖሮ ማንም ሳያስታውሰው ስለሚያልፍ ምላሽ ባላስፈለገው ነበር። ተነባቢ በመሆኑ ግን ምክሩ ወደ ተግባር እየተለወጠ ነው። በመድኃኒት ቤት የምሠራ ሰው ስለሆንኩ፣ ተማሪዎች ይህን መሰል ምክር ይዘው ሲመጡ የትኛውን ጠርሙስ እንደሚጠይቁ፣ የትኛውን ደግሞ ገፍተው እንደሚመልሱ አያለሁ።

በቅድሚያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። የአፍንጫ አለርጂ ከጉንፋን የማይለይ ቀላል ነገር ስለሆነ ተማሪ ሊታገሠው ይገባል ይላሉ። መታገሥ ካቃተው ማታ ማታ ያንን እንቅልፍ የሚያመጣውን የቆየ የአለርጂ ኪኒን ይዋጥ፤ አፍንጫውም ይደርቅለታል፣ እንቅልፍም ያገኛል። በአፍንጫ የሚረጨውን፣ እብጠትና ቁጣ የሚያበርደውን የስቴሮይድ ስፕሬይ ግን እንዳይነካ፤ ሱስ ያስይዛል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ፊት ያሳብጣል። በእሱ ፋንታ በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫ የሚከፍተውን ጠብታ በኪሱ ይያዝ። የፈተና ወቅት ሲቃረብ ደግሞ ወቅቱን ሙሉ የሚያሳርፍ አንድ መርፌ አለ፤ እሱን ይወጋ። ለአስምና ለአለርጂ የሚታዘዘውን ሞንቴሉካስት የተባለ ኪኒን ከስሜት መታወክ ጋር በተያያዘ ይጠንቀቅ። ማር መላስና ክፍልን ማጽዳት ከመድኃኒት ይበልጣል። የአለርጂ ምርመራና ዓመታት የሚፈጀው የአለርጂ ክትባት ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ሕመሙ በዕድሜ ይጠፋልና።

ከእነዚህ ውስጥ እውነት ያላቸው አሉ፤ በየቦታቸው እቀበላቸዋለሁ። ዋናው ተቃውሞዬ አንድ ነው፦ ጸሐፊው የፈሩት ከሁሉም ይበልጥ የሚታመነውን መድኃኒት ሲሆን፣ ያመኑት ደግሞ ተማሪን የሚጎዱትን ነው።

«ቀላል ነገር ነው» ከሚለው ልነሣ። በማስነጠስ የሚሞት የለም፤ ልክ ነው። በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀናት አስነጥሶት የሚያልፍለት ተማሪም ብዙ ነው፤ ለእሱ ከትዕግሥት ሌላ እምብዛም አያስፈልገውም። ስሕተቱ ሁሉንም ታማሚ በአንድ ዓይን ማየቱ ላይ ነው። ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በመተባበር ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውና «አሪያ» በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ መመሪያ ሕመሙን በሁለት ነገር ይመዝነዋል። አንደኛው ጊዜ ነው፦ ምልክቱ በሳምንት ከ4 ቀን በላይ፣ ያውም በተከታታይ ከ4 ሳምንት በላይ ከቆየ «ዘላቂ» ይባላል። ሁለተኛው ጉዳቱ ነው፦ እንቅልፍ ከነሣ፣ የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴን ካወከ፣ ትምህርትን ወይም ሥራን ካሰናከለ፣ ወይም ምልክቱ ራሱ የሚያስጨንቅ ከሆነ፤ ከእነዚህ አንዱ ብቻ እንኳ ቢገኝ ሕመሙ ከቀላል ተራ ይወጣል። ሌሊቱን በአፉ ሲተነፍስ አድሮ ጠዋት ሌክቸር ላይ የሚያንጎላጅ ተማሪ በዚህ ሚዛን ቀላል ሕመም የለበትም። መታፈኑ ሲጋደሙ ይብሳል፤ የአለርጂ ምልክቶች ወደ ንጋት ላይ የሚበረቱባቸው ሰዎችም ብዙ ናቸው።

ከጉንፋን አይለይም መባሉም አያስኬድም። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቃል፤ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የሰውነት ቁርጥማት ሊኖረው ይችላል። አለርጂ ትኩሳት የለውም። ዓይንን፣ አፍንጫን፣ አንዳንዴም ላንቃን ያሳክካል፤ ማስነጠሱ አንዴ ከተነሣ ይደጋገማል፤ ንፍጡ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው፤ በዚያው ወቅት ወይም በዚያው ክፍል ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። ልዩነቱን አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል፤ በየወሩ «ጉንፋን ያዘኝ» እያለ አንቲባዮቲክ የሚውጥ ተማሪ ለቫይረስም ለአለርጂም በማይሠራ መድኃኒት ሆዱን ያውካል።

ጸሐፊው ያልነኩት ደግሞ የአስም ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ የአስም ታማሚዎች የአፍንጫ ችግርም አለባቸው፤ የአፍንጫ አለርጂ ያለበት ሰውም ለአስም ያለው ተጋላጭነት ከሌላው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ማስነጠሱ ላይ የሌሊት ሳል፣ የደረት መጨነቅ ወይም ሲተነፍሱ የሚያፏጭ ድምፅ ከተጨመረበት «ታገሠው» የሚለው ምክር አደገኛ ይሆናል። ሁልጊዜ በአንድ ወገን ብቻ የሚታፈን፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ያለው አፍንጫም የአለርጂ ጠባይ አይደለም፤ ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ ማታው ኪኒን እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ከጽሑፉ ውስጥ በብዛት ተግባራዊ ሲሆን የማየው ይኸኛው ምክር ነው።

ጸሐፊው የሚያወድሱት ኪኒን ክሎርፌኒራሚን፣ ዳይፈንሃይድራሚን፣ ፕሮሜታዚን ከሚባሉት የመጀመሪያው ትውልድ ፀረ ሂስታሚኖች፣ ማለትም በአለርጂ ጊዜ የሚረጨውን ሂስታሚን የተባለ ኬሚካል ከሚዘጉት የቆዩ መድኃኒቶች፣ አንዱ ነው። ማስነጠስንና ማሳከክን ማስታገሣቸው አይካድም። ችግሩ አፍንጫ ላይ ብቻ አለመቆማቸው ነው፤ በቀላሉ ወደ አንጎል ያልፋሉ። ሂስታሚን በአንጎል ውስጥ ነቅቶ የመቆያ መልእክተኛ ስለሆነ፣ እሱን ሲዘጉት ሰውየው ይፈዛል። ጸሐፊው ይህን ያውቃሉ፤ መልሳቸው «ታዲያ ማታ ይወሰድ» የሚል ነው። ሐሳቡ የሚቆመው መድኃኒቱ እስከ ጠዋት ከሰውነት ጠርጎ ከወጣ ብቻ ነው። ክሎርፌኒራሚን ግን በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ግማሹ እንኳ እስኪወገድ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ በ4 ሰዓት የዋጠ ተማሪ ጠዋት በ2 ሰዓት ክፍል ሲገባ ከግማሽ በላዩ ገና አብሮት ነው። በማግስቱ ማታ ሌላ ሲውጥ በቀረው ላይ ይደርብበታል።

የሚያመጣው እንቅልፍም ቢሆን ጤናማው ዓይነት አይደለም። እነዚህ ኪኒኖች ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ያዘገያሉ፣ ያሳጥራሉም። ሰውየው ሰባት ሰዓት ሙሉ ተኝቶ ያልተኛ ሆኖ ይነሣል።

«እኔን አይደክመኝም፣ ለምጄዋለሁ» የሚሉ ተማሪዎች አሉ። በየቀኑ ሲወሰድ የእንቅልፍ ስሜቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደሚቀንስ እቀበላለሁ። ነገር ግን የስሜቱ መቀነስና የአእምሮ መንቃት ለየቅል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ በአሜሪካ የአይዋ የመኪና መንዳት ማስመሰያ ላይ የተሠራ ጥናት ነበር፤ 40 ሰዎች በተለያየ ጊዜ ዳይፈንሃይድራሚን፣ ፌክሶፌናዲን (ከአዲሶቹ ፀረ ሂስታሚኖች አንዱ)፣ አልኮልና ምንም የሌለበት ኪኒን እየወሰዱ ነዱ። ዳይፈንሃይድራሚን የወሰዱ ጊዜ የነዱት አልኮል ጠጥተው ከነዱት የባሰ ነበር። ፌክሶፌናዲን ግን ምንም የሌለበት ኪኒን ከወሰዱበት ጊዜ ብዙም አልተለየም። እኔን ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ሌላው ግኝት ነው፦ ሰዎቹ «እንቅልፍ ተሰምቶኛል» ወይም «አልተሰማኝም» ማለታቸው ምን ያህል በደንብ እንደነዱ ለመገመት እምብዛም አልረዳም። መፍዘዙን ሳያስተውል የሚቀረው ራሱ የፈዘዘው ሰው ነው ማለት ነው።

ወደ ፈተና የሚቀርበው ማስረጃ ከብሪታንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 17 የሆኑ 1,834 ተማሪዎችን በክረምት ከተፈተኑት የሙከራ ፈተና ወደ በጋው ዋና ፈተና ሲሸጋገሩ ውጤታቸው ምን እንደሆነ አነጻጸረ፤ በዚያ አገር በጋው የሣር ብናኝ የሚበዛበት ወቅት ነው። በፈተናው ሰሞን የአለርጂ ምልክት የነበረባቸው ተማሪዎች ቢያንስ በአንድ ትምህርት ውጤታቸው የመውረዱ ዕድል ከሌሎቹ በ40 በመቶ የበለጠ ነበር። በዚያ ጊዜ እንቅልፍ የሚያመጣ ፀረ ሂስታሚን እንወስድ ነበር ያሉት ደግሞ በ70 በመቶ። እርግጥ ተጠኚዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንጂ የዩኒቨርሲቲ አይደሉም፤ ጥናቱም የታየውን መዝግቦ ያነጻጸረ ስለሆነ ሁሉንም ጥፋት በኪኒኑ ላይ መጣል አያስችልም፤ ጠንከር ያለ ሕመም ያለባቸው ናቸው ኪኒኑን የወሰዱት ማለትም ይቻላል። ሆኖም የመጀመሪያው ቁጥር «ቀላል ነገር ነው» የሚለውን፣ ሁለተኛው «ማታ ይዋጥ» የሚለውን ጥያቄ ውስጥ ያስገባል።

ኪኒን የሚሻ ተማሪ ከአዲሶቹ ፀረ ሂስታሚኖች ሎራታዲን፣ ፌክሶፌናዲን ወይም ሴትሪዚን አለለት። ጸሐፊው «አዲሶቹም ያስተኛሉ» ያሉት በሴትሪዚን በከፊል እውነት ነው፤ የተወሰኑ ሰዎችን ያደክማል። ፌክሶፌናዲን እንዲህ ያለ ጠባይ እምብዛም የለውም፤ ነገር ግን ከፍራፍሬ ጭማቂ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ስለሚቀንስ በውሃ ይዋጥ። የትኛውም ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞከረው በፈተና ዕለት ጠዋት መሆን የለበትም።

የስቴሮይድ ስፕሬይ ላይ ያለው ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ስቴሮይድ በኪኒን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ዘመድ ያለው ሰው የፊት ማበጡን፣ የአጥንት መሳሳቱን፣ የስኳር መጨመሩን በዓይኑ አይቷል። ጸሐፊው የዘረዘሩት ጉዳት ሁሉ እውነት ነው፤ የኪኒኑ ጉዳት ነው። ስፕሬዩ ሌላ ነገር ነው። የተለመደው የፍሉቲካዞን ስፕሬይ መጠን በቀን 200 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ ወደ ደም የሚደርሰው ከ2 በመቶ በታች ነው፤ ከ4 ማይክሮግራም አይበልጥም ማለት ነው። የሞሜታዞንም እንደዚሁ ኢምንት ነው። ለከባድ አስም የሚታዘዝ የፕሬድኒሶሎን ኪኒን 40 ሚሊግራም ሊሆን ይችላል፤ ይህ 40,000 ማይክሮግራም ነው፤ የሚበዛውም ወደ ደም ይገባል። መድኃኒቶቹ በኃይል ስለሚለያዩ ቁጥር በቁጥር ማመዛዘን አይቻልም። ልዩነቱ ግን በማመዛዘን ስሕተት የሚጠፋ አይደለም።

ስፕሬዩ «የአፍንጫን የውስጥ ሽፋን ይበላዋል» ለተባለውም መልስ አለ። ለ12 ወራት ሞሜታዞን ከተጠቀሙ ታማሚዎች አፍንጫ ናሙና ተወስዶ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሽፋኑ አልሳሳም፤ እንዲያውም ሽፋኑን የሚያስቆጡትና የሚያሳብጡት የቁጣ ሴሎች ቀንሰው ነበር። «ሱስ ያስይዛል» የተባለው ስፕሬዩ ሲቆም ምልክቱ ተመልሶ ስለሚመጣ ይመስለኛል። ምልክቱ የሚመለሰው አለርጂው ስላልጠፋ ነው። ከመጀመሪያው አይብስም፣ መጠኑንም እየጨመሩ መሄድ አያስፈልግም።

ለምን ይህን ያህል እሟገትለታለሁ? የአለርጂው አካሄድ ራሱ ስለሚያስገድድ ነው። የአበባ ብናኝ ወይም የአቧራ ተባይ ቅንጣት አፍንጫ ውስጥ ሲገባ አይ-ጂ-ኢ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል የተሸከሙ ሴሎች ሂስታሚን ይረጫሉ፤ ማስነጠሱና ማሳከኩ በደቂቃዎች ውስጥ ይከተላል። ይህን ኪኒኑ ያስቆማል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ሁለተኛ ማዕበል አለ፤ ሌሎች የቁጣ ሴሎች ወደ አፍንጫው ሽፋን ይጎርፋሉ፣ ሽፋኑ ያብጣል፣ አፍንጫው ይታፈናል። በዚህ ላይ ፀረ ሂስታሚን አቅም ያንሰዋል። ስፕሬዩ ግን ሁለቱንም ያበርዳል፤ ዘላቂ ለሆነ ወይም ከቀላል ለከፋ ሕመም ከማንኛውም ነጠላ መድኃኒት ይበልጥ ውጤታማ ሆኖ የተገኘውም በዚህ የተነሣ ነው። ደግሞም በተደጋጋሚ የተቆጣ አፍንጫ እያደር በትንሽ ብናኝ ሁሉ መቆጣት ይጀምራል። ወቅቱን የሚያውቅ ተማሪ ብናኙ ከመምጣቱ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ስፕሬዩን መጀመር ያለበትም ስለዚህ ነው።

የስፕሬዩን ጉድለት አልደብቅም። አፍንጫ ያደርቃል፣ አንዳንዱን ሰው ያነስራል። የዓይን ግፊት ያለበት ሰው ለሐኪሙ ይንገር። ለአስም ስቴሮይድ የሚስብ ሰው ሁለቱ እንደሚደመሩ ይወቅ። ለኤች አይ ቪ ሕክምና ከሚሰጡት ሪቶናቪር ወይም ኮቢሲስታት ያለበት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ፍሉቲካዞንን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጠቀም፤ መድኃኒቱ ከደም እንዳይወገድ ስለሚያግዱት እነዚያ ጸሐፊው የፈሯቸው ጉዳቶች በእውን ሊመጡ ይችላሉ።

«ሞክሬው አልሠራም» የሚሉኝ ተማሪዎች አብዛኞቹ አንድ ቀን ረጭተው የተዉት ናቸው። ሥራው በሰዓታት ቢጀምርም ሙሉ ኃይሉን ለማግኘት ከቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ የሚወሰደውም በየቀኑ እንጂ ሲብስ ብቻ አይደለም። አረጫጨቱም ይበላሻል። ጠርሙሱን ይነቅንቁት፤ ራስን ወደ ኋላ መጣል ሳይሆን ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ማለት ነው የሚበጀው። በቀኝ እጅ ይዘው ወደ ግራ ቀዳዳ፣ በግራ እጅ ወደ ቀኝ ቀዳዳ ይርጩ፤ ጫፉ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይመልከት እንጂ መሐለኛውን ግድግዳ አይምታ። መነሰርን የሚያመጣው በአብዛኛው መሐለኛውን መምታት ነው። ከረጩ በኋላ በኃይል ወደ ውስጥ መሳብ መድኃኒቱን ጉሮሮ ውስጥ ይከተዋል፤ ቀስ ብሎ መተንፈስ ይበቃል።

ወደ ጠብታው ስንሄድ የጽሑፉ ግራ መጋባት ቁልጭ ብሎ ይታያል። በደቂቃ ውስጥ አፍንጫ የሚከፍተው ዛይሎሜታዞሊን ወይም ኦክሲሜታዞሊን ነው፤ ያበጡትን የደም ሥሮች ያጠብባቸዋል። እንደሚሠራ ማንም አይክድም፤ ለአንድ ከባድ ሌሊት፣ ለአንድ ከባድ ጉንፋን ጥሩ ነው። ነገር ግን ከ3 እስከ 5 ቀን ካለፈ የደም ሥሮቹ መታዘዝ ይተዋሉ። መድኃኒቱ ሲለቅ ከበፊቱ ብሰው ያብጣሉ፣ ተማሪው እንደገና ይጨምራል፣ የሚያስተነፍሰውም ሰዓት እያጠረ ይሄዳል። ይህ ስም ያለው በሽታ ነው፤ በመድኃኒት የመጣ የአፍንጫ መታፈን ይባላል። ጸሐፊው በስቴሮይዱ ላይ የለጠፉት «ሱስ» የሚለው ስም የሚገባው አንድ ጠርሙስ ቢኖር በኪስ ተይዞ ይዞር ያሉት ጠብታ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይህ ነው። ሰውን ከጠብታው ለማላቀቅ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዙትስ ምንድን ነው? ያንኑ የስቴሮይድ ስፕሬይ።

በዚሁ አጋጣሚ፦ «አፍንጫ የሚከፍት» ተብለው ከሚሸጡ የጉንፋን ኪኒኖች ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፌኒሌፍሪን በአፍ ሲወሰድ አፍንጫ እንደማይከፍት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አማካሪዎች በሙሉ ድምፅ ወስነዋል። ሌላው በኪኒን የሚወሰደው አፍንጫ ከፋች ሱዶኤፌድሪን ይሠራል፤ እሱ ግን ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ ለፈተና ሰሞን የሚመረጥ አይደለም።

መርፌው ላይ ስደርስ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ያነበብኩትን ማመን ስላቃተኝ። ወቅቱን ሙሉ ያሳርፋል ተብሎ የሚወጋው መርፌ አብዛኛውን ጊዜ ትራያምሲኖሎን ወይም መሰሉ ነው፤ እሱም ስቴሮይድ ነው። ያውም በጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ለሳምንታት ወደ ደም የሚንጠባጠብ፣ በአንድ ጊዜ 40 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ የሚሰጥ። ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ኮርቲዞል የተባለ ሆርሞን ማምረቻ ለሳምንታት ሊያፍን፣ እንቅልፍና ስሜት ሊያውክ፣ የተወጋውን ቦታ ሊያሰረጉድ ይችላል፤ ካልተስማማ ደግሞ ኪኒን እንደማቆም አይቆምም፣ አንዴ ገብቷል። ለአፍንጫ አለርጂ ሲባል በዘልማድ እንዳይሰጥ መመሪያዎች የሚመክሩት ለዚህ ነው። በቀን 4 ማይክሮግራም እንኳ ወደ ደም የማያደርሰውን ስፕሬይ በስቴሮይድነቱ ከልክሎ ይህን መርፌ መምከር፣ መርፌው ምን እንደሆነ ካለመጠየቅ የመጣ ይመስለኛል። ጸሐፊው ይህን ምክር ቢያንስ እንዲያነሡት እለምናቸዋለሁ።

በሞንቴሉካስት ግን ልክ ናቸው። የአሜሪካው ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ኪኒኑ ከሚያመጣው የስሜትና የጠባይ መታወክ የተነሣ ከፍተኛውን የማስጠንቀቂያ ደረጃ ሰጥቶት፣ ለአፍንጫ አለርጂ የሚታዘዘው ሌላው ሁሉ ሳይስማማ ሲቀር ብቻ እንዲሆን አሳስቧል። በጭንቀት ውስጥ ላለ ተማሪ ይህ ማስጠንቀቂያ ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ ስላነሡት አመሰግናለሁ።

ማሩ ብዙ አያቆየንም። አሳቡ በማር ውስጥ ያለው የአበባ ብናኝ ሰውነትን ያለማምዳል የሚል ነው። ንብ የምትቀስመው ከደማቅ አበባ ላይ የሚጣበቀውን ከባድ ብናኝ ነው፤ ሰውን በብዛት የሚያስነጥሰው ግን ንብ እምብዛም የማትፈልገው፣ ነፋስ የሚያጓጉዘው የሣርና የዛፍ ቀላል ብናኝ ነው። በማር ውስጥ መድኃኒቱን መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ለሚያሳክክ ጉሮሮ ግን ይላስ፤ ማን ይከለክላል።

ጽዳቱ የተሻለ መሠረት አለው። የአቧራ ተባዮች በዓይን አይታዩም፤ ፍራሽ፣ ትራስና ብርድ ልብስ ውስጥ የሰው ቆዳ ፍርፋሪ እየበሉ ይኖራሉ፣ እርጥበት ይወዳሉ። አንሶላን በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ማጠብ ይገድላቸዋል። በዶርም ውስጥ ሻጋታና በረሮም የአለርጂ ምንጭ ናቸው። ይሁንና «ከመድኃኒት ይበልጣል» የሚለው አልተረጋገጠም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ተባይ የማያሳልፍ የፍራሽ ልባስ ብቻውን የተባዩን መጠን ቢቀንስም የታማሚዎቹን ምልክት እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ከሌሎች ጋር በሚጋሩት ክፍል ደግሞ የራስን አልጋ ብቻ ማጽዳት የትም አያደርስም። በጨው ውሃ አፍንጫን ማጠብ መጠነኛ ጥቅም አለው፤ ውሃው ግን ተንኖ የተጣራ (ዲስቲልድ) ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ያልፈላ ውሃ በአፍንጫ መሳብ እጅግ አልፎ አልፎም ቢሆን ለሞት ያበቃል።

የቀረው የምርመራውና የአለርጂ ክትባቱ ጉዳይ ነው። አለርጂ በዕድሜ እየቀነሰ የሚሄድላቸው ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ይህ በአሥርት ዓመታት የሚቆጠር ነገር ነው፤ ብዙዎች ሕመሙ የሚጀምራቸው ከ20 ዓመት ዕድሜ በፊት ስለሆነ የዩኒቨርሲቲ ዘመን የሚበረታበት እንጂ የሚያልፍበት አይደለም። ክትባቱ እ.ኤ.አ. በ1911 በለንደን ሌናርድ ኑን የሣር ብናኝ ቅምር እየወጋ ከሞከረው ይጀምራል። ዛሬ በመርፌም ከምላስ ሥር በሚቀመጥ ኪኒንም ይሰጣል፣ ቢያንስ 3 ዓመት ይፈጃል፤ ሌሎቹ መድኃኒቶች ምልክቱን ሲያስታግሡ ይህ የሰውነትን ምላሽ ራሱን ይለውጣል፣ ጥቅሙም ካቆሙት በኋላ ለዓመታት ይቆያል። ጸሐፊው ረጅም ነው ማለታቸው እውነት ነው። በመርፌ የሚወስድ ሰው በየጊዜው ክሊኒክ መሄድ፣ ከተወጋም በኋላ ድንገተኛ ምላሽ ቢመጣ ተብሎ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ በዓመት ሁለት ሦስቴ ከቤተሰብ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚመላለስ ተማሪ ይህ ከባድ ነው። ለሁሉም አያስፈልግም፤ ስፕሬዩን በትክክል ተጠቅሞ ላልበቃው እንጂ።

በቆዳ ላይ የሚደረገውን የአለርጂ ምርመራም ቢሆን ያለ ምልክት እንዲሁ ማድረግ እንደማይረባ እስማማለሁ፤ ቆዳው ለአንድ ነገር ስለተቆጣ ብቻ ያ ነገር አፍንጫውን ያሳምመዋል ማለት አይደለም። የሚጠቅመው ምልክቱ መቼና የት እንደሚነሣ በደንብ ለሚያውቅ፣ ክትባቱን ለሚያስብ ወይም መድኃኒቱ ላልሠራለት ሰው ነው። ይህን የቆዳ ምርመራ የሚያደርግ ተማሪ ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ፦ ፀረ ሂስታሚን ኪኒን የቆዳውን ምላሽ ስለሚደብቅ ከሳምንት በፊት ጀምሮ መቆም አለበት፤ ስፕሬዩን ግን እስከ ምርመራው ዕለት ድረስ መቀጠል ይችላል።